በአከራዩ ሚስት እጅ የቀረ መጥሪያ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ፤ እግሬ ግን ወሬው የደረሰው አይመስልም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ራሴን እንጅባራ አስፋልት ላይ አገኘዋለሁ። የያዝኩት ወረቀት የለም፣ የማንኳኳው በር የለም፣ ዝም ብዬ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ሙሉነሽ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅብኝ ነበር። አሁን ሰልችቷት፣ «ኧረ ተቀመጥ፣ ወንበሩ አይነክስህም» ትለኛለች። እቀመጣለሁ። ብዙም ሳልቆይ ኮቴን አንሥቼ እወጣለሁ።

ሥራዬ መጥሪያ ማድረስ ነበር። ሰው ሰውን ሲከስ መዝገብ ይከፈታል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። የተከሰሰው ሰው መከሰሱንና የሚቀርብበትን ቀን የሚያውቀው እኔ ወረቀቱን ይዤለት ስሄድ ነው። ዳኛ ይፈርዳል፣ ጠበቃ ይከራከራል፣ እኔ በር አንኳኳለሁ። መጀመሪያ ዳንግላ፣ ኋላ እንጅባራ፣ ዕድሜዬ በዚህ አለቀ። ደመወዙን ካነሣሁ ግማሹ የሚሄደው ለጫማ ነበር። ዛሬ ቀጠሮውን በስልክ መንገር ተጀምሯል። ጥሩ ነው፣ ኔትወርክ ሲኖር።

የተወለድኩት ከዳንግላ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። እቤታችን የሚነገረው አዊኛ ነበር፤ አማርኛን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል መጥሪያ አድራሽ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። አመለከትኩ፣ ገባሁ። ወረቀቱ የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ አዊኛ ለሚናገር ገበሬ ነው። አንዱ «ተከሳሽ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ሊታሰር መስሎት በእርሻው ላይ ሲሮጥብኝ፣ «ቁም! አጎትህ ናቸው ስለ ድንበር የከሰሱህ!» እያልኩ በአዊኛ እየጮህኩ ተከትዬዋለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ታከለ ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ከቦት ጫማና ከጥቁር ጃንጥላ የማይለዩ ሰው ነበሩ። ዳንግላ ውስጥ የማያውቁት አጥር አልነበረም፤ የማያውቁትን ደግሞ ባለጋሪዎቹን ይጠይቃሉ። ባለጋሪ ማን የት እንደገባ፣ ማን ዕቃ ጭኖ እንደወጣ ያውቃል። በር ተዘግቶ ጫማ ከደጅ ካለ ሰው ቤት አለ ማለት እንደሆነ፣ ውሻ ወደ እኛ ጮሆ ጮሆ ዞር ብሎ ወደ ጓሮ ካየ ባለቤቱ በጓሮ እንደወጣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የማልረሳው ወረቀቱን የሚሰጡበትን አኳኋን ነው። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። ድንጋይም ቢሆን፣ ግንድም ቢሆን። ቆሞ የሚሰጥ ወረቀት ሰውን ያስደነግጣል ይላሉ። ገበያ ላይ አይሰጡም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይሰጡም፣ ሰው እየበላ አይሰጡም። ተቀምጠው ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ያነባሉ። ከዚያ ቀኑን ወደ ታቦት ይመልሱታል። «የካቲት አሥራ ዘጠኝ ማለት ገብርኤል ነው። በገብርኤል፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት። በል አሁን አንተ ንገረኝ።» ሰውዬው ይደግማል። ከተሳሳተ እንደገና ያስደግሙታል። ሰውዬው ከሌለ ደግሞ ለወጣው ሰው ወረቀቱን ከማሳየታቸው በፊት፣ «አንቺ ለእሱ ምኑ ነሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሕጉ አብሮ ለሚኖር ለአካለ መጠን ለደረሰ ቤተሰብ መስጠት ይፈቅዳል። ለጎረቤት አይፈቅድም። ለባለጋራ ቤትማ ጭራሽ!

አንድ ቀን ታዲያ ሰልችቶኝ፣ «አያ ታከለ፣ ወረቀቱን ሰጥተን ካስፈረምን አይበቃም?» አልኳቸው።

«ፊርማው የኛ ነው፤ እኛን ነው ከጥያቄ የሚያድነን» አሉኝ። «ለሰውየው የሚያስፈልገው ቀኑ ነው። ቀኑን ካላወቀ ምን አደረስክለት?»

በዚያ ዘመን የምንይዘው በአብዛኛው የመሬት፣ የፍቺና የብድር ነበር። የቤት ኪራይ ጉዳይ በዓመት አንድ ሁለት ቢመጣ ነው። እያደር ግን ዳንግላ ገበያው ሰፋ፣ መሥሪያ ቤቱ በዛ፣ አስፋልት ዳር ያለች ጎጆ ሁሉ ሱቅ ልትሆን ተመኘች። አከራይ ኪራይ ይጨምራል፣ ተከራይ አልችልም ይላል፣ አከራይ «ቤቴን ይልቀቅልኝ» ብሎ ይከሳል። የክሱ ቃል እንኳ አንድ ዓይነት ስለነበር በቃሌ ይዤው ነበር።

ውድነሽ ከእነዚህ ተከራዮች አንዷ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በዕድሜ እኩያዬ ናት። ከገበያው አጠገብ፣ አቶ ምትኩ የሚባሉ ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ ወደ መንገድ በር ያለው አንድ ክፍል ተከራይታ እዚያው ትሰፋለች፣ እዚያው ትኖራለች። ሁለት የስፌት መኪና ነበሯት። ለሙሉነሽ የሠርግ ቀሚስ የሰፋችላት እሷ ናት። አቶ ምትኩ ኪራዩን በአንድ ጊዜ እጥፍ አደረጉባት። «ትንሽ ይቀንሱልኝ፣ ወይም ጊዜ ይስጡኝ» አለች። በወሩ መጨረሻ የቀድሞውን ኪራይ ይዛ ስትሄድ አልቀበልም አሉ። በማግስቱ ከሰሷት። እውነቱን ለመናገር አቶ ምትኩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቤቱን ለእህል መጋዘን የሚፈልግ ሰው መጥቶባቸው ነበር፤ ልባቸው ወደዚያ ሄደ።

መጥሪያውን የያዝኩት ሰኔ መጨረሻ ነው። ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ቦርሳዬ ውስጥ አሥራ አንድ መጥሪያ ነበር። ሙሉነሽ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀኗ ገብቶ፣ ጠዋት ስወጣ ወገቧን ይዛ ነበር የተሰናበተችኝ። ቀኑን ሙሉ ልቤ እቤት ነው፤ እየሮጥኩ ነው የምሠራው። ይህን የምለው እንዲህ ነበር ለማለት ነው እንጂ ለመከላከያ አይደለም።

ውድነሽ በር ላይ ስደርስ ተቆልፏል። ክር ልትገዛ ወጥታ ይሆናል። ደግሜ መምጣት ነበረብኝ፤ ደግሜ ባጣት በሯ ላይ መለጠፍ። በዚያ ፈንታ ዝናቡን ሽሽት የግቢው በረንዳ ላይ ወጣሁ። የአቶ ምትኩ ሚስት ብቅ አሉ።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

«ውድነሽን። ወረቀት አለብኝ።»

«አሁን ትመጣለች። ስጠኝ፣ እኔ እሰጣታለሁ።»

ሰጠኋቸው። ፈረሙ። ቅጂው ጀርባ ላይ በራሴ እጅ «ለቤተሰብ ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ያን ስጽፍ የማን ቤተሰብ እንደሆኑ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እጄ ቸኮለ፣ ልቤ ተከተለው። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ፤ ከደስታዬ የተነሣ ወረቀቱን ጨርሶ ረሳሁት።

የአቶ ምትኩ ሚስት መጥሪያውን ይርሱት፣ ይደብቁት፣ ባላቸው ይቀበሏቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ውድነሽ በቀጠሮው ቀን አልቀረበችም። መጥሪያ ደርሷታል ተብሎ ክሱ እሷ በሌለችበት ታየ፤ ቤቱን ታስረክብ ተብሎ ተወሰነ።

የፍርድ ቤቱ የክረምት ዕረፍት አልቆ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ የማስለቀቂያ ትእዛዙን አድርስ ተብሎ የተሰጠኝ ለእኔው ነው። ስሟን ሳይ እንኳ ምንም አልጠረጠርኩም። ሄድኩ፤ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ትሰፋ ነበር። እንደ አያ ታከለ ተቀመጥኩ፣ አነበብኩላት።

«ምንድን ነው የተወሰነው?» አለች።

«ቤቱን እንድታስረክቢ።»

«በምን ነገር? ማን ከሰሰኝ?»

«አቶ ምትኩ ናቸው።»

መቀሷን አስቀመጠች። «ወንድሜ፣ መቼ ተጠራሁ? ማነው የጠራኝ?»

ያን ጊዜ ነው ሁሉ ነገር ትዝ ያለኝ፤ ዝናቡ፣ በረንዳው፣ ፊርማው። ቀና ስል የአቶ ምትኩ ሚስት በረንዳው ላይ ልብስ ያሰጣሉ። ዐይን ለዐይን ተጋጨን። ቅርጫታቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። አሁን ተናገር አልኩ ለራሴ። አፌን ከፈትኩና ያወጣሁት ቃል፣ «እኔ እንዳደርስ የተሰጠኝ ይህ ብቻ ነው» የሚል ሆነ።

መጥሪያ ሳይደርሰው የተወሰነበት ሰው ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ አመልክቶ ማስነሣት ይችላል። መዝገቡ እንደገና ይከፈታል፣ ክርክሩ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ኪራይ በእጥፍ የተጨመረባት፣ ልትከፍል ሄዳ የተመለሰባት ሴት የምትናገረው ነገር ነበራት። ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ ልትወጣ እንደማይገባ፣ ቢያንስ ጊዜ እንደሚገባት የሚሰማ ዳኛ ታገኝ ነበር። ይህን ሁሉ እኔ አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም። በማግስቱ መዝገብ ቤት መጥታ ስትጠይቅ የኔን ጽሕፈት አሳዩአት፤ የተቀባዩ ፊርማ ስም የማይነበብበት ጭረት ነበር። «ለቤተሰብ ተሰጥቷል ይላል እኮ፣ እህቴ» አሏት። «እኔ ምን ቤተሰብ አለኝ?» እያለች ወጣች። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ነበር።

ለአያ ታከለ ነገርኳቸው። «ነገ ጠዋት ዳኛው ቢሮ እንገባለን። እኔም አብሬህ እገባለሁ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ነገ ጠዋት ግን ወረቀቶቼን ይዤ በከተማው ሌላ ጫፍ ነበርኩ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ሙሉነሽ ሕፃን ታቅፋ ቤት ናት፣ ልጄ ገና አንገቷ አልጠናም፣ የቤት ኪራይ እኔም አለብኝ። አያ ታከለ ሦስት ቀን ጠየቁኝ። በአራተኛው ቀን መጠየቅ ተዉ፤ ምሳም አብረውኝ መብላት ተዉ። እሳቸው ራሳቸው ገብተው ሊናገሩ ይችሉ ነበር። ለምን እንዳልተናገሩ ኋላ ስጠይቃቸው፣ «አንተ እንድትናገረው ብዬ ስጠብቅ ወሩ አለፈ። እኔም በድያታለሁ» አሉኝ።

ዕቃዋ ሲወጣ አየሁ። ፖሊስ ቆሟል፤ ሁለት ሰዎች መኪኖቹን አውጥተው ከመንገዱ ዳር አስቀመጡ። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ይጥል ነበር። ውድነሽ የሰው ልብስ እንዳይርስ ደንበኞቿ ያሰፉትን ሁሉ በላስቲክ ጠቅልላ እቅፍ አድርጋ ቆማ ነበር፤ የራሷ መኪኖች ግን ይርሱ ነበር። ባለጋሪ ጠርታ ጫነች። ጫግኒ እህቷ ዘንድ ሄደች ተባለ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ወሩ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ዳኛው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሴትዮዋ የት ናት?» አሉኝ።

«ከተማውን ለቃለች።»

«ቤቱስ?»

«እህል ገብቶበታል።»

«ታዲያ ለእኔ የነገርከኝ ምን ላድርግበት ብለህ ነው? ለራስህ እንዲቀልህ?» አሉ። ተቀጣሁ፤ ወደ እንጅባራም ተዛወርኩ። ቅጣቱ ከጠበቅኩት በታች ነበር። ያ ነው ያስጨነቀኝ።

እንጅባራ ብርዱ ሌላ፣ ሰዉ ሌላ ነው። እዚያ በቆየሁባቸው ዓመታት ከተማዋ ዐይኔ እያየ አደገች። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች በዙ፣ ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፣ አስተማሪና ሠራተኛ ከየአገሩ ጎረፈ። ባለ ግቢ ሁሉ አጥሩ ውስጥ ክፍል እየሠራ አከራየ። የኪራይ መጥሪያ ቦርሳዬን ሞላው። እኔ ራሴ ስድስት ጊዜ ቤት ለቅቄያለሁ፤ ስለዚህ የማንኳኳው በር ውስጥ ያለውን ጭንቀት አውቀዋለሁ። የአከራዩንም አውቃለሁ። ባሏ የሞተባት፣ ከአንዷ ክፍል ኪራይ በቀር ገቢ የሌላት አሮጊት፣ «ልጄ፣ ጤፍ ስንት እንደገባ ለተከራዬ ንገርልኝ» ብላ አልቅሳብኛለች።

የፍርድ ቤት ሰው ስለነበርኩ ማንንም መምከር አልችልም ነበር። ግን አንድ ነገር ጨመርኩ። ተቀምጬ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ቀኑን በታቦቱ ነግሬ ካስደገምኩ በኋላ፣ «በዚህ ቀን ካልቀረብክ አንተ በሌለህበት ይወሰንብሃል» እላለሁ። ይህንንም አስደግማለሁ። የቢሮ ሰዎች ዘገምተኛ ይሉኝ ነበር። ሌላው በቀን አሥር ሲያደርስ እኔ አምስት አደርሳለሁ። አንዱ አለቃዬ በግምገማ ላይ፣ «አንተ ወረቀት ታደርሳለህ ወይስ ታስተምራለህ?» ብሎኛል። የቤቱ በር ዝግ ከሆነ አራት ጊዜ ተመልሻለሁ። ቤተሰብ ነኝ ያለኝን ሰው ጎረቤት ጠርቼ አረጋግጫለሁ። አያ ታከለ እኔ እንጅባራ ሳለሁ አረፉ። ለቀብራቸው ዳንግላ ስሄድ በአቶ ምትኩ ግቢ በኩል ማለፍ አቅቶኝ ዞሬ ሄድኩ።

ጡረታ ስወጣ ያ ሁሉ አብሮኝ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። በተቃራኒው ሥራ ሸፍኖት የነበረው ነገር ሁሉ ገሃድ ወጣ። መቀመጥ አልቻልኩም። ከተማው ውስጥ ስዞር የሚያውቁኝ ሰዎች ያስቆሙኛል። «ጋሼ እንዳላማው፣ አከራዬ ጨምር አለኝ፣ ምን ላድርግ?» አሁን የፍርድ ቤት ሰው አይደለሁም፤ መናገር እችላለሁ። ስለ አዲሱ የኪራይ አዋጅ ወሬው በየቦታው ነው፤ አንዳንዱ ከተማ ጀምሯል፣ አንዳንዱ ገና ነው፣ ሰዉም ግራ ተጋብቷል። እኔ የማውቀውን እነግራለሁ። ውልህን በጽሑፍ አድርገው። አስመዝግበው። ኪራይ ባሰኘ ቀን ባሰኘ መጠን አይጨመርም፤ በከተማችን የተወሰነው ምን እንደሆነ አስተዳደሩ ዘንድ ሄደህ ጠይቅ። ኪራይ አልቀበልም ካለህ ይዘህ መሄድህን ምስክር ይይልህ። ያለ ፍርድ ቤት ማንም ዕቃህን አያወጣም፣ በርህን አይቆልፍም፣ መብራትህን አይቆርጥም። መጥሪያ ከመጣልህ ደግሞ ቅረብ። ቅረብ! ይህን ስል ድምፄ ከፍ ይላል፤ ሰዎቹ ለምን እንደምቆጣ አይገባቸውም።

ባለፈው የካቲት ትዕግሥት የምትባል ወጣት ልብስ ሰፊ አስቆመችኝ። አከራይዋ «ከሰኞ ጀምሮ ጨምሪ ወይ ውጪ» ብሏታል። አብሬያት ሄድኩ። አከራይዋ የሚያውቀኝ ሰው ነው፤ ሲያየኝ ደነገጠ፣ መጥሪያ የያዝኩ መስሎታል። ተቀምጠን ተነጋገርን። እስከ ሰኔ በቀድሞው ኪራይ እንድትቆይ፣ ከዚያ ውል እንዲጻፉ ተስማሙ። ስንወጣ ትዕግሥት ደስ ብሏት ስታወራኝ፣ «ስፌት ያስተማሩኝ ሴትዮ ይህን ቢሰሙ! እሳቸው እኮ በአንድ ቀን ከቤታቸው ወጥተው ዝናብ ላይ የተጣሉ ናቸው» አለችኝ።

«ማን ናቸው?»

«ውድነሽ ይባላሉ። ጫግኒ ናቸው፤ የዳንግላ ሰው ናቸው።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተንቆራጠጥኩ። ዳኛው ያሉኝ ቃል ጆሮዬ ላይ ነው፤ ለራስህ እንዲቀልህ? ሙሉነሽ አንድ ጠዋት ኮቴን አምጥታ፣ «ወይ ሂድ ወይ ተቀመጥ፤ ወለሉን ጨረስከው» አለችኝ። መንገዱ ክፍት ነው የተባለ ቀን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወደ ጫግኒ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ መጀመሪያ ኮቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ።

ቤቱን ባለባጃጁ ያውቀዋል። በሩ ላይ የተሰፉ የትምህርት ቤት ልብሶች ተሰቅለዋል። ውድነሽ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ መነጽር አድርጋ ትሰፋለች። ሸብታለች።

«ይግቡ አባቴ፣ ምን ሊያሰፉ ነው?» አለችኝ።

«የማሰፋው የለኝም። እንዳላማው እባላለሁ። ዳንግላ መጥሪያ አድራሽ ነበርኩ።»

እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ። ተቀመጥ አላለችኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ ተናገርኩ። ዝናቡን፣ በረንዳውን፣ የጻፍኩትን፣ አንዱን ወር፣ ሁሉንም።

«ለምትኩ ሚስት ነው የሰጠኸው?» አለች። እርስዎ ማለቷን ትታ ነበር።

«አዎ።»

«መቼ ተጠራሁ ብዬ ስጠይቅህ አፍህ የት ነበር?»

«ፈራሁ።»

መነጽሯን አወለቀች። «መኪናዬ ዛገ፣ ሌላ ገዛሁ። ቤት አጣሁ፣ ሌላ ሠራሁ። እሱን ተወው። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ራሴን ስጠረጥር ኖሬአለሁ። ወረቀቱ ደርሷታል ይላል መንግሥት። እኔ ደግሞ አላስታውስም። ከሰው እጅ ተቀብዬ ከጨርቅ ጋር ጠቅልዬ ጥዬው ይሆን? ምን ነክቶኝ ነው? እያልኩ። እህቴ እንኳ ረስተሽው ነው ትለኛለች። አየህ ያደረግኸውን?»

አየሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል ቢያንስብኝም አልኩት። ተነሥታ ከመሳቢያ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«አሁንም ወረቀት ታደርሳለህ?»

«ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«አንዲት ወረቀት አድርስልኝ። ጓሮ የተከራየች አስተማሪ አለች፣ ሰላም ትባላለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአፌ መናገር አቃተኝ።»

ገልጬ አነበብኩት። ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይ ጨምሪ፣ ካልቻልሽ በአሥር ቀን ውስጥ ልቀቂ ይላል። ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ቀላ። «ክር ተወደደ፣ ሁሉ ተወደደ! እኔስ ከየት ላምጣ?» አለች።

«አደርሰዋለሁ» አልኩ። «ግን ሳደርስ መብቷ ምን እንደሆነ እነግራታለሁ። አንቺም አብረሽ ቁሚና ስሚ።»

«እሰማለሁ» አለች።

ሰላም የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጠበቅናት። ሕፃን ልጅ ያላት ወጣት ሴት ናት። ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። «ልጄን ይዤ በአሥር ቀን ወዴት እሄዳለሁ? እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች።

እኔ ተናገርኩ። በአሥር ቀን ማንም እንደማያስወጣት፤ ውል በጽሑፍ እንዲሆንላት መጠየቅ እንደምትችል፤ ጭማሪው አከራይ ብቻዋን የምትቆርጠው እንዳልሆነ፤ ካልተስማሙ ፍርድ ቤት እንዳለ፤ ፍርድ ቤት ከጠራት ደግሞ በቀኑ መቅረብ እንዳለባት። ውድነሽ ክንዷን አጣጥፋ ግድግዳውን ተደግፋ ሰማች። ስጨርስ፣ «ይህን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም» አለች። ለእኔ ይሁን ለሰላም አልታወቀኝም።

ከዚያ ሁለቱ መነጋገር ጀመሩ። ቀላል አልነበረም። ውድነሽ የቆርቆሮውንና የክሩን ዋጋ ትጠራለች፣ ሰላም የደመወዟን። አንድ ጊዜ ተኮራርፈው አንዷ ወደ ቤት ገብታ ተመልሳ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ላይ ተስማሙ። ጭማሪው ወረቀቱ ላይ ካለው አነሰ፤ የሚጀምረውም ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ሆነ፤ ውሉ የሁለት ዓመት። ሰላም ባመጣችው ባዶ የፈተና ወረቀት ላይ ሦስት ቅጂ ጻፍኩ፤ አንዱ ለአከራይ፣ አንዱ ለተከራይ፣ አንዱ ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት። ሁለቱ ፈረሙ። አንዲት ጎረቤት ተጠርታ በምስክርነት ፈረመች። ሁለተኛ ምስክር ቀረ።

ውድነሽ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋችው።

«እኔ ባልፈርም ይሻላል» አልኩ። «ሌላ ጎረቤት ይጠራ።»

«ያኔ እኔ በሌለሁበት ፈረምክ» አለችኝ። «አሁን ባለሁበት ፈርም።»

ፈረምኩ፣ በሦስቱም ላይ። አንድ በአንድ እያነሣች ስሜን አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ለሰላም ሰጥታ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ስወጣ የስፌቱ ድምፅ እንደገና ጀምሮ ነበር።